ስቴክ በጋዝ ወይስ በከሰል? ከምርጫው እስከ አመዱ

ስቴክ ያበላሸ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚወቅሰው እሳቱን ነው። በጋዝ የጠበሰው "ከሰል ቢሆን ኖሮ" ይላል። በከሰል የጠበሰው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያራግብ ቆይቶ "ምነው ጋዝ በነበረኝ" ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተሳስተዋል። ሥጋው የሚበላሸው ወይ ለውፍረቱ የማይሆን እሳት ተመርጦለት ነው፣ ወይ ደግሞ ትክክለኛው እሳት ተመርጦ ገና ሳይግል ሥጋው ተጥሎበት ነው። የኋለኛው ይበዛል። በጣም ይበዛል።

ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሂዱበት። ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ የከሰሉን ክፍል ዝለሉት፣ ከሰል ከሆነ የጋዙን። ደረጃ 1ን ግን ማንም እንዳይዘል። ጋዝ ስል በሲሊንደር የሚመጣውን ነው፣ ዲግሪ ስል ሁሌም ሴንቲ ግሬድ ነው።

ደረጃ 1፦ እሳት ከመምረጣችሁ በፊት ሥጋውን ለኩ

ማስመሪያ አምጡ። የምሬን ነው። "ወፍራም ነው" ብሎ የሸጠላችሁን ሰው አትመኑ፣ ለኩት። ጋዝ ወይስ ከሰል ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ

ከሰል ምረጡ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያስበው፤ ቀጭን ሥጋ ቶሎ ስለሚበስል ለጋዝ ይመቻል ይላል። ችግሩ ግን ያው ቶሎ መብሰሉ ነው። ውስጡ በሦስት በአራት ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ ውጪው ለመቅላት ጊዜ አያገኝም። የሥጋ ገጽ ቡናማ መሆንና ያንን የጥብስ ሽታ ማውጣት የሚጀምረው 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ገጹ ላይ እርጥበት እስካለ ድረስ ደግሞ ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል፤ ምክንያቱም ሙቀቱ ሁሉ ውሃውን በማትነን ያልቃል። ስለዚህ እርጥበቱን በሰከንዶች የሚያባርር ኃይለኛ ወላፈን ያስፈልጋል። በደንብ የቀላ ፍም ፍርግርጉ ላይ ከ370 ዲግሪ በላይ ሊሰጣችሁ ይችላል። አብዛኛው የቤት የጋዝ መጥበሻ ከ260 እስከ 315 ባለው ላይ ነው የሚቆመው።

ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ

ሁለቱም ይሆናሉ። እዚህ የሚወስነው ጊዜና ቦታ ነው። ጋዝ ከተለኮሰ ከ15 ደቂቃ በኋላ ዝግጁ ነው። ከሰል እስኪቀላ፣ እስኪዘረጋና ፍርግርጉ እስኪግል ድረስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቁጠሩለት፤ ከዚያ በኋላም አመዱ አለ። ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ ሁለት ስቴክ ብቻ ለመጥበስ ከሆነ ጋዝ ይብቃችሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ ጨዋታ ተይዞ፣ ማንም ካልቸኮለ ግን ከሰሉን አንድዱት።

ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ

ጋዝ ይቀላል። ወፍራም ሥጋ መጀመሪያ የሚፈልገው ለረጅም ጊዜ የማይዋዥቅ ለስላሳ ሙቀት ነው፤ ኃይለኛው እሳት የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ጋዝ ላይ ይህ ቁልፍ ማዞር ነው። በከሰልም ይሠራል፣ እንዲያውም ማጠናቀቂያው ላይ ከሰል ይበልጣል፤ ነገር ግን የአየር ቀዳዳዎቹን እየከፈቱና እየዘጉ ሙቀቱን መቆጣጠር ለምዳችሁ መሆን አለበት።

ስለ ጣዕሙስ?

"ከሰል ያለው ጣዕም ጋዝ የለውም" የሚለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። የጥብስ ጣዕም የምንለው አብዛኛው የሚመጣው ስቡ ቀልጦ የጋለ ነገር ላይ ሲንጠባጠብና ጭስ ሆኖ ወደ ሥጋው ሲመለስ ነው። ይህ ፍም ላይም ይሆናል፣ ከጋዙ በርነር (ነበልባሉ ከሚወጣበት ቱቦ) በላይ ባለው የጋለ ብረት ላይም ይሆናል። በደንብ የተያያዘ ከሰል ራሱ ብዙ አይጨስም። ስቴክ ደግሞ እሳት ላይ የሚቆየው አሥር ደቂቃ ነው። ሰው የከሰል ጣዕም የሚለው ብዙውን ጊዜ በኃይለኛ ሙቀት በደንብ የቀላ ገጽ ነው። የእንጨት ጭስ ከፈለጋችሁ አንድ ቁራጭ ደረቅ ጠንካራ እንጨት ፍሙ ላይ ጣሉ። ሙጫ ያለው እንጨት፣ ቀለም የተቀባ፣ መድኃኒት የተነከረ ወይም ቺፑድ ግን በፍጹም።

አንድ የማይታለፍ ነገር

ጋዙም ከሰሉም የውጪ ነው። በር ከፍቼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣሉ፣ ከሰል በተለይ። አይሸትም፣ አይታይም፣ ሰው ይገድላል። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ የህንጻውን ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በረንዳ ላይ ሁለቱንም የሚከለክል ብዙ ነው።

ደረጃ 2፦ እሳቱ ሳይለኮስ ሥጋውን አዘጋጁ

1. ጨው ቢያንስ ከ40 ደቂቃ በፊት ነስንሱ። ካልደረሳችሁ ልክ እሳት ላይ ልታደርጉት ስትሉ ነስንሱ። መሃሉ ነው መጥፎው። ጨው በገባ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሥጋው ውሃ ይስባል፣ ገጹ ያብለጨልጫል፣ ያንን ውሃ መልሶ እስኪመጠው ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። 15 ደቂቃ ላይ አንስታችሁ ከጠበሳችሁት እየቀቀላችሁት ነው። ጊዜ ካላችሁ ማታ ጨው አድርጋችሁ ሳትከድኑ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

2. በወረቀት ፎጣ አድርቁት። ሁለቱንም ገጽ፣ ጎኑንም። ፎጣው እርጥብ ሆኖ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ተጫኑት። ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን አብዝታችሁ አድርጉ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ ሲነድ 1.6 ኪሎ ገደማ የውሃ ትነት ያወጣል፤ ማለትም የምትጠብሱት እርጥበት ባለው ሙቅ አየር ነው፣ ተጨማሪ ውሃ ከሥጋው አያስፈልግም።

3. ዘይቱን ሥጋው ላይ ቀቡ፣ ፍርግርጉ ላይ አይደለም። ስስ አድርጋችሁ። የሚንጠባጠብ ዘይት ነበልባል ይጠራል።

4. ሁለት ሳህን አስቀምጡ፦ አንዱ የጥሬው፣ አንዱ የበሰለው። ጥሬው የነበረበት ላይ የበሰለውን መልሳችሁ አታስቀምጡ።

5. ጉጠት፣ ቴርሞሜትርና ወፍራም ጓንት አጠገባችሁ ይሁን። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትገዛላችሁ ብባል ቴርሞሜትሩን እመርጥላችኋለሁ። መጥበሻ ከመቀየር ቴርሞሜትር መግዛት ይቀድማል።

ደረጃ 3 ሀ፦ ጋዝ ከመረጣችሁ

1. ሲሊንደሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ተጋድሞ አይሠራም፤ ፈሳሹ ጋዝ ወደ ሪጉሌተሩ (ሲሊንደሩ አፍ ላይ ተገጥሞ ግፊቱን ወደሚቀንሰው ዕቃ) ሊገባ ይችላል። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳስሱት። የተሰነጠቀ፣ የደረቀ ወይም አይጥ የበላው ከሆነ ዛሬ ጥብስ የለም።

2. የሳሙና ውሃ ቀቡ። የበርነሮቹ ቁልፎች ሁሉ ዝግ ሆነው የሲሊንደሩን ቫልቭ ክፈቱና መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ። የሚያድግ አረፋ ካያችሁ ጋዝ እያመለጠ ነው፤ ዝጉ፣ አጥብቁ፣ እንደገና ፈትሹ። አሁንም ካመለጠ አትለኩሱ። በክብሪት መፈተሽ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አትስሟቸው። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል። ሲያመልጥ ሽቅብ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየሄደ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። የምትሸቱት ሽታም የጋዙ የራሱ አይደለም፣ ማምለጡ እንዲታወቅ ተብሎ የተጨመረ ነው።

3. ክዳኑን ክፈቱ። ሳይከፈት የሚለኮስ የጋዝ መጥበሻ ውስጡ የተጠራቀመውን ጋዝ ፊታችሁ ላይ ነው የሚያፈነዳው።

4. ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ቀስ። ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ።

5. አንዱን በርነር ለኩሱ። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ካልተያያዘ ዝጉትና ክዳኑ ክፍት ሆኖ 5 ደቂቃ ጠብቁ። "አንዴ ደግሜ ልሞክር" ብላችሁ አከታትላችሁ አትጫኑ።

6. ነበልባሉን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ቢኖርም ችግር የለውም። ሙሉ ለሙሉ ቢጫና የሚወዛወዝ ከሆነ አየር አልተቀላቀለውም።

7. ሁሉንም በርነር እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ 15 ደቂቃ ቆዩ። ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ክዳኑ ላይ ያለው መለኪያ በአምስት ደቂቃ 250 ሲል ደስ ብሎት ሥጋውን ያስቀምጣል። መለኪያው የሚነግራችሁ ክዳኑ ሥር ያለውን አየር ነው። ሥጋው የሚያርፈው ደግሞ ብረቱ ላይ ነው፤ ብረቱ ገና ነው።

8. ፍርግርጉን ፈግፍጉ፣ ከዚያ አንዱን ጎን አጥፉት ወይም በጣም ዝቅ አድርጉት። አሁን ኃይለኛና ደካማ ክፍል አላችሁ። የሽቦ ብሩሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ስትጨርሱ ፍርግርጉን በጨርቅ ጥረጉት፤ የተነቀለች አንዲት የሽቦ ፀጉር ሥጋ ላይ ተጣብቃ ጉሮሮ ውስጥ ልትሰነቀር ትችላለች።

ጋዙ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ

ሁሉም በርነር ተከፍቶ ሙቀቱ ከ150 አልፎ አልወጣ ካለ፦ ይህ እኔን ራሴን አንድ ምሽት ሙሉ አሰቃይቶኛል። እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ነበልባሉ እንደ ሻማ ትንሽ ሆኖ ይርገበገባል፣ እኔ ደግሞ ጋዝ አልቆ ነው ብዬ ሙሉ ሲሊንደር ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ሦስት ስቴክ ግራጫ ሆኖ ቀረበ፣ ሰውም በዝምታ በላ። ችግሩ ምን እንደነበር የገባኝ በሳምንቱ ነው። ብዙ መጥበሻ ላይ ቱቦው ቢበጠስ ጋዙ እንዳይተፋ ፍሰቱን የሚያንቅ መከላከያ አለ። ቫልቩን በአንዴ ቧ አድርጋችሁ ስትከፍቱት፣ ወይም ከበርነሮቹ አንዱ ክፍት ሆኖ ስትከፍቱት፣ ያ መከላከያ ቱቦው የተበጠሰ ይመስለውና ያንቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቁልፎቹንም ቫልቩንም ዝጉ፣ ሪጉሌተሩን ከሲሊንደሩ ንቀሉ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ ቫልቩን በጣም በቀስታ አዙሩ። አሁን ለኩሱ።

ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ፦ አጥፉ፣ ሲቀዘቅዝ የበርነሩን አፍ እዩ። ሸረሪት እዚያ ውስጥ ድር መሥራት ትወዳለች። በቀጭን ብሩሽ አጽዱት።

ሲሊንደሩ ውጪው በረዶ ከያዘ፦ ፈሳሹ ጋዝ ወደ ትነት ሲቀየር ሙቀት ከሲሊንደሩ ስለሚወስድ ነው። ትንሽ ሲሊንደር ላይ ብዙ በርነር ለረጅም ጊዜ ሲነድ ይህ ይመጣል፣ ግፊቱም ይወርዳል። በርነር ቀንሱ። ሲሊንደሩን በእሳት ለማሞቅ እንዳይቃጣችሁ።

ስንት ጋዝ እንደቀረ ካላወቃችሁ፦ መዝኑት። ባዶው ክብደት ሲሊንደሩ ላይ ተቀርጿል፣ ቀንሱለት። ሚዛን ከሌለ ጎኑ ላይ ሙቅ ውሃ አፍስሱና በእጃችሁ ከላይ ወደ ታች ዳስሱ፤ ድንገት የሚቀዘቅዝበት መስመር የፈሳሹ ከፍታ ነው።

የጋዝ ሽታ ከመጣ፦ ቫልቩን ዝጉ፣ ምንም አትለኩሱ፣ ሰው አርቁ። ቫልቩ ተዘግቶም ሽታው ካልቆመ መጥበሻውን አትነካኩ፤ ከዚያ ራቁና እሳት አደጋ ጥሩ።

ደረጃ 3 ለ፦ ከሰል ከመረጣችሁ

1. ከሰሉን ምረጡ። የእንጨቱ ከሰል፣ ማለትም የእንጨቱ ቅርጽ ያልጠፋው፣ ቶሎ ይያያዛል፣ በጣም ይግላል፣ አመዱ ትንሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። በፋብሪካ ተጠቅጥቆ እኩል ቅርጽ የወጣለት ደግሞ ቀስ ብሎ ይያያዛል፣ ሙቀቱ እኩል ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፣ አመዱ ብዙ ነው። ለቀጭን ስቴክ የመጀመሪያውን፣ ለወፍራም ሁለተኛውን። የእንጨቱን ስትጠቀሙ ከከረጢቱ ሥር ያለውን ብናኝ ተዉት፤ ክፍተቱን ሞልቶ አየር ያፍናል።

2. መጠኑን አትቆጥቡ። ከመጥበሻው ግማሽ ላይ፣ ሥጋው ከሚይዘው ቦታ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ፣ ሁለት ድርብ የሆነ ፍም ያስፈልጋችኋል። ለአንዲት ስቴክም ቢሆን። በትንሽ ፍም የተጠበሰ ስቴክ እንደ በሽተኛ የገረጣ ነው።

3. የታቹንም የላዩንም የአየር ቀዳዳ እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ የቆየ አመድ ካለ አውጡ።

4. ማቀጣጠያ ቱቦ ተጠቀሙ። ከላይ ከሰል የሚሞላበት፣ ከታች ወረቀት የሚገባበት እጀታ ያለው ቆርቆሮ ነው። ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ከሌላችሁ ከሰሉን እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾጣጣ አድርጋችሁ ከምሩና መሃሉ ላይ ማቀጣጠያ ኩብ ወይም የተጠቀለለ ወረቀት አስገቡ። ቤንዚን አይነካም። ላምባም አይሆንም፣ ሽታው ሥጋው ላይ ይቀራል። ለከሰል ተብሎ የተሠራውን ፈሳሽ ማቀጣጠያ የምትጠቀሙ ከሆነ ሳይለኮስ በፊት ብቻ ነው፤ የተያያዘ ከሰል ላይ ካፈሰሳችሁ እሳቱ ፈሳሹን ተከትሎ ወደ እጃችሁ ይመጣል።

5. ፍሙን ጠብቁ። እንዴት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ጢሱ ወፍራምና ነጭ ነው፣ ዓይን ያቃጥላል። ከዚያ ይሳሳል። ከዚያ ነበልባል ብቅ ይላል። ከዚያ ነበልባሉ ይወድቅና ከላይ ያሉት ከሰሎች ጠርዛቸው ላይ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ፤ ጎንበስ ብላችሁ ክፍተቱን ስታዩ ውስጡ ብርቱካናማ ሆኖ ይንቀለቀላል። ቁራጮቹ ሁሉ አመድ ለብሰው ሲያልቁ ነው የደረሰው። ጥቁር ቁራጭ የሚታያችሁ ከሆነ ገና ነው። ያ ጥቁር ቁራጭ ሥጋው ሥር ሆኖ ነው የሚያጨሰው፣ ምሬቱም ከዚያ ነው የሚመጣው።

6. ጓንት አድርጋችሁ ፍሙን በአንድ ወገን ዘርጉ፣ ሌላውን ወገን ባዶ ተዉ። ፍም ያለበት ኃይለኛው ክፍል ነው፣ ባዶው ደካማው። ፍርግርጉን አስቀምጡ፣ ክደኑና 5 ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ፈግፍጉ።

7. በእጃችሁ ፈትሹ። መዳፋችሁን ከፍርግርጉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ቁጠሩ። ሁለት ሳትሉ ካነሳችሁ ለስቴክ ደርሷል። አራት አምስት መቁጠር ከቻላችሁ መካከለኛ ነው፣ ስቴክ አይሆንበትም። ይህ ፈተና ለጋዙም ይሠራል።

ከሰሉ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ

እሳቱ ከደከመ፦ ብዙ ጊዜ ከሰል አንሶ አይደለም፣ አየር አንሶ ነው። የታቹን ቀዳዳ እዩ፤ አመድ ዘግቶት ይሆናል። በእንጨት ቆስቁሱት። ከሰል መጨመር ካለባችሁ ሌላ ቦታ አቀጣጥላችሁ ፍም አድርጋችሁ ጨምሩ፣ ጥቁሩን ሥጋው ሥር አትጣሉ።

እሳቱ ከበዛ፦ የታቹን ቀዳዳ በግማሽ ዝጉ። የላዩን አትዝጉ፤ ጭሱ ታፍኖ ሥጋውን ያመርረዋል። የአየሩ ለውጥ እስኪታይ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ስለዚህ አንዴ ነክታችሁ ጠብቁ። በየሰላሳ ሰከንዱ የሚያስተካክል ሰው ከሰል አይታዘዝለትም።

ነፋስ ካለ፦ የታቹን ቀዳዳ ከነፋሱ አዙሩት፣ አለዚያ ራሱ ያራግብላችኋል።

ደረጃ 4፦ ጥብሱ

እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ላለው

1. ሥጋውን ኃይለኛው ክፍል ላይ አስቀምጡ። "ጭስስስ" ካላለ ወዲያው አንሱት፣ እሳቱ አልደረሰም። ሁለት ደቂቃ ተጨማሪ ማሞቅ አያሳፍርም።

2. ለአንድ ደቂቃ አትንኩት። ከዚያ ጎኑን ቀና አድርጋችሁ እዩ። ከተጣበቀ አትቀዱት፣ ገና ገጹ አልተሠራም፤ ሲቀላ ራሱ ይለቃል።

3. በየደቂቃው ገልብጡ። "አንዴ ብቻ ነው የሚገለበጠው" የሚል ሕግ አለ፤ እኔ አልከተለውም። ቶሎ ቶሎ የተገለበጠ ሥጋ ውስጡ ይበልጥ እኩል ይበስላል፣ ከጠርዙ ያለው ግራጫ ቀለበትም ይቀጥናል። የፍርግርጉን መስመር ምልክት የምትወዱ ከሆነ ግን ያንን ታጣላችሁ፤ በምትኩ ገጹ በሙሉ ቡናማ ይሆናል፣ ለእኔ ይሄ ይሻላል።

4. በጉጠት አትጫኑት። የሚንጫጫው ድምፅ ደስ ይላል፣ ግን የምትሰሙት ጭማቂው እሳት ላይ ሲያልቅ ነው።

5. ከአራተኛው ደቂቃ ጀምሮ ለኩ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ደግሞ ከዚያ ቀድማችሁ። ቴርሞሜትሩን ከላይ ሳይሆን ከጎን ወደ መሃል አስገቡ፣ አጥንት እንዳይነካ። 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስቴክ ኃይለኛ እሳት ላይ በድምሩ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል፤ ግን ሰዓቱን ሳይሆን ቁጥሩን ተከተሉ።

ከእሳት የምታወርዱበት ሙቀት፦

ለብለብ የሚወድ፦ 49
ውስጡ ሞቆ ቀይ የሆነ፦ 52
ሮዝ፦ 57
ትንሽ ሮዝ የቀረበት፦ 62
ሙሉ በሙሉ የበሰለ፦ 68

ከወረደ በኋላ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይጨምራል፣ ስለዚህ የፈለጋችሁት ላይ እስኪደርስ እሳት ላይ አትጠብቁ። ማስጠንቀቂያ፦ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ላልተፈጨ የበሬ ሥጋ የሚመክረው 63 ዲግሪና ከዚያ 3 ደቂቃ ማሳረፍን ነው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ሕመምተኛ ለሚበላው ከዚያ አትውረዱ። የተፈጨ ሥጋ ከሆነ ደግሞ ለማንም ቢሆን 71፤ በመፍጨት ጊዜ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ውስጥ ገብቷል።

ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ላለው

1. ሥጋውን መጀመሪያ ደካማው ክፍል ላይ አስቀምጡ፣ ክደኑ። በክዳኑ ሥር ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ይሁን። ጋዝ ከሆነ አንዱ በርነር ብቻ፣ ዝቅ ብሎ። ከሰል ከሆነ የታቹ ቀዳዳ ሩብ ያህል ብቻ ክፍት።

2. መሃሉ 46 እስኪደርስ ጠብቁ፣ ግማሽ ሰዓት አካባቢ። ክዳኑን በየደቂቃው እየከፈታችሁ አታዩ፤ በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይሄዳል።

3. ሥጋውን አውጡ፣ እሳቱን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ከሰል ከሆነ ቀዳዳዎቹን ከፍታችሁ አምስት ስድስት ደቂቃ ስጡት። እስከዚያ ሥጋውን እንደገና በወረቀት አድርቁ።

4. ኃይለኛው ክፍል ላይ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ደቂቃ፣ ስብ ያለውን ጠርዝም በጉጠት አቁማችሁ ግማሽ ደቂቃ። ጨረሳችሁ።

ነበልባል ድንገት ሲነሳ

ውሃ አትርጩ። የጋለ ስብ ላይ የወደቀ ውሃ ይፈነጥቃል፣ አመዱንም ሥጋው ላይ ያነሳዋል። ሥጋውን ወደ ደካማው ክፍል ግፉት፣ ስቡ ነዶ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ መልሱት። ሁለት ክፍል የሠራነው ለዚህም ነው። ነበልባሉ ካልበረደ ጋዙን ዝጉ፤ ከሰል ከሆነ ክደኑና ቀዳዳዎቹን ሁሉ ድፈኑ።

ደረጃ 5፦ ከሳህኑ በፊት

5 ደቂቃ አሳርፉት፣ ወፍራሙን 8። በፎይል አፍናችሁ አትጠቅልሉት፤ ለፍታችሁ ያደረቃችሁት ገጽ በራሱ ላብ ይረጥባል። የሥጋው ክር ወዴት እንደተዘረጋ እዩና ክሩን አቋርጣችሁ ቁረጡ።

ውጤቱ እንዳሰባችሁት ካልሆነ ለሚቀጥለው እንዲህ አንብቡት። ውጪው ግራጫ፣ ውስጡ ደርቆ ከሆነ፣ ወይ ሥጋው እርጥብ ነበር ወይ ብረቱ አልጋለም፤ እሳት አትቀይሩ፣ ትዕግስት ጨምሩ። ውጪው አሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ ለዚያ ውፍረት ኃይለኛውን ክፍል ብቻ ተጠቅማችኋል። ለዛሬው ደካማው ክፍል ላይ ክደናችሁ ጨርሱት፣ ይድናል። መራራ ከሆነ ከሰሉ ጥቁር ነበር፣ ወይ የላዩን ቀዳዳ ዘግታችኋል። ነዳጅ ነዳጅ ካለ ማቀጣጠያው ሳያልቅ ሥጋው ገብቷል፤ ይሄኛው መድኃኒት የለውም።

ደረጃ 6፦ እሳቱን ማጥፋት

ጋዝ ከሆነ፦ መጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፣ ቱቦ ውስጥ የቀረው ነዶ ነበልባሉ ሲጠፋ ቁልፎቹን ዝጉ። የስብ መያዣውን ትሪ ሲቀዘቅዝ ባዶ አድርጉ። የዛሬ ሳምንት ድንገት የሚነሳው እሳት እዚያ ነው የተቀመጠው።

ከሰል ከሆነ፦ ክደኑ፣ ሁሉንም ቀዳዳ ድፈኑ፣ አየር ሲያጣ ይሞታል። የተረፈው ከሰል በሌላ ቀን ይነዳል፣ አትጣሉት። አመዱ ግን ያታልላል። ከላይ ነጭና ቀዝቃዛ ሆኖ ከሥሩ ረመጥ ይዞ ሁለት ቀን ሊያድር ይችላል። ፌስታል፣ ካርቶን ወይም የፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትድፉት፤ ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ከቤት ውጪ፣ እንጨት ባልሆነ ወለል ላይ አቆዩት። ከሁለት ቀን በኋላም ከመድፋታችሁ በፊት ውሃ አፍስሱበትና በዱላ አማስሉት። "ሽሽ" ካለ ገና ነው።